ኮሚቴው ከጉባኤው በፊት እንዳይመረጥ፦ ለእድርና ለማኅበር አባላት የተዘጋጀ መመሪያ

በአዳማ ከተማ የሚኖር አንድ አባወራ ወይም አንዲት እማወራ በአንድ ጊዜ የእድር፣ የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ማኅበርና የተማሪ ወላጆች ኮሚቴ አባል ሆነው ቢገኙ የሚያስገርም አይደለም። እነዚህ ሁሉ መሪዎቻቸውን የሚሰይሙት በምርጫ ነው። ሆኖም በብዙዎቹ ዘንድ አባላት እሑድ ጠዋት ተሰብስበው እጃቸውን ሲያወጡ፣ ማን ሰብሳቢ፣ ማን ጸሐፊ፣ ማን ገንዘብ ያዥ እንደሚሆን ቀደም ብሎ በአንድ ሰው ሳሎን ውስጥ ተወስኖ አድሯል። ለጉባኤው የሚቀርለት ሥራ ማጨብጨብ ብቻ ይሆናል። ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው መሪ የሚያስመርጡትን ሰዎች ማወቅ፣ ጠቃሚ ምክራቸውን ከጫናቸው መለየትና ምርጫውን ወደ አባላት እጅ መመለስ የሚቻልበት መንገድ አለ። መንገዱ የሚጀምረው ግን ዕጩዎች ከመጠቆማቸው ከብዙ ሳምንታት በፊት ነው፤ ከዚህ በታች የተጻፈውም በአብዛኛው የሚያተኩረው በዚያ ጊዜ ላይ ነው።

አንጋሽ ኃይሉን ከየት ያገኛል

መሪን ከኋላ ሆኖ መሾም በአገራችን ታሪክ እጅግ የቆየ ነገር ነው። ራስ ሚካኤል ስሑል በ1761 ዓ.ም. አፄ ኢዮአስን አስገድለው አፄ ዮሐንስ ዳግማዊን፣ እሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ ሲሞቱ ልጃቸውን አፄ ተክለ ሃይማኖትን በጎንደር ዙፋን ላይ አስቀምጠዋል። ከዚያ አንሥቶ እስከ 1847 ዓ.ም. በዘለቀው ዘመነ መሳፍንት የንጉሠ ነገሥቱ ስም ከፊት ቢቀመጥም የሚያነግሠውና የሚያወርደው ጦር ያለው መስፍን ነበር።

ለዛሬው ማኅበርተኛ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ታሪክ ይመስለኛል። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የአፄ ምኒልክ የጦር ሚኒስትር የነበሩ፣ በብልህነታቸውና በፍርድ አዋቂነታቸው የተከበሩ ሰው ሲሆኑ፣ የንግሥና ዘር ስላልነበራቸው ራሳቸው ለዙፋን የሚታሰቡ አልነበሩም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ ልጅ ኢያሱ ሐረር ሳሉ፣ መኳንንቱና ካህናቱ በአዲስ አበባ ተሰብስበው እሳቸውን ከሥልጣን ሲያወርዱ፣ ወይዘሮ ዘውዲቱን ለንግሥና፣ ተፈሪ መኰንንን ለአልጋ ወራሽነት ሲመርጡ ከውሳኔው ዋነኛ ባለቤቶች አንዱ ፊታውራሪ ነበሩ። በአደባባይ የተነገረው አስቀድሞ የተመከረበትና ያለቀ ጉዳይ ነበር። ከዚያ በኋላም በ1919 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ ቃላቸው ከባድ ሆኖ ቆየ፤ ሲሞቱ ግን አልጋ ወራሹ ሠራዊታቸውን ወደ ራሳቸው አዞሩትና በቤተ መንግሥቱ የነበረው የኃይል ሚዛን ተለወጠ። ይህ የሚያሳየው ተሰሚነታቸው ከሠራዊቱ ጋር ምን ያህል የተያያዘ እንደነበረ ነው።

በእድር ወይም በማኅበር ውስጥም አንጋሹን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «በእጁ ምን አለ?» ብሎ ነው። ሠራዊት የለም፤ ነገር ግን የድንኳኑና የሳህኑ ዕቃ ቤት ቁልፍ አለ፣ የድሮው መዝገብ አለ፣ ማኅተም አለ፣ ለችግረኛ አባል በግል የሚበደር ገንዘብ አለ፣ በወረዳና በቀበሌ ጽሕፈት ቤት የሚታወቅ ፊት አለ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ሰው ሲቀብሩና ሲያስታርቁ የተገኘ ክብር አለ። ከእነዚህ አንዱን የያዘ ሰው ሁሉ አንጋሽ ነው ማለት አይደለም፤ አንጋሽ የሆነ ሰው ግን ከእነዚህ አንዱን ሳይዝ አይገኝም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ መባል አለበት። በምርጫ ላይ ተሰሚነት መኖሩ በራሱ ጥፋት አይደለም። በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት፣ በተለይ በቦረና፣ ቃሉ የሚባሉት የእምነት አባቶች በገዳ መሪዎች አመራረጥ ላይ ትልቅ ድርሻ አላቸው፤ ሥልጣኑን ግን ራሳቸው አይዙም። መሪው የሚያገለግለውም 8 ዓመት ሆኖ ጊዜው ሲደርስ ለተከታዩ ያስረክባል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ባሰፈረው በዚህ ሥርዓት ውስጥ የአስመራጩ ድርሻ የታወቀ፣ ወሰን ያለው፣ ሕዝብ የሚያየው ነው። በከተማችን በአባ ገዳ አዳራሽ ለልዩ ልዩ ስብሰባ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ይህን ልዩነት ቢያስብ ደስ ይለኛል፦ ማኅበሮቻችንን የሚጎዳቸው የሽማግሌዎች ተሰሚነት ሳይሆን ያ ተሰሚነት መሰወሩና ወሰን ማጣቱ ነው።

ማን እንደሆነ እንዴት ይታወቃል

ወሬ በመሰብሰብ አይደለም። ወሬ ሰውን ያለ ጥፋቱ ያስጠረጥራል፤ አንዴ በሐሜት የተጀመረ ምርጫም መጨረሻው አያምርም። ስብሰባውን ራሱን በጥሞና መመልከት ይበቃል።

ስብሰባው የሚጀመረው ምልዓተ ጉባኤው ሲሟላ ነው ወይስ አንድ የተወሰነ ሰው ሲደርስ? ሰብሳቢው ክርክር ሊዘጋ ሲል ዓይኑን ወዴት ይልካል? አጀንዳው ላይ የሌለ ነገር ሲነሣ «ይህን ለሌላ ጊዜ እናቆየው» የሚለው ማን ነው፣ ከተባለስ በኋላ ጉዳዩ ተመልሶ ያውቃል? ኮሚቴው ሦስትና አራት ጊዜ ሲቀያየር ሳይመረጥ የኖረ፣ ነገር ግን አዲሱ ኮሚቴ በተመረጠ ማግስት ሁሉም ቤቱ ሄደው የሚያመሰግኑት ሰው አለ? እነዚህን ጥያቄዎች በሁለት ተከታታይ ስብሰባዎች ላይ በልቡ ይዞ የተቀመጠ አባል መልሱን ያለ ማንም ምስክርነት ያገኘዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያጋልጠው የጥቆማው ሰዓት ነው። ለአምስት ቦታ ምርጫ እየተካሄደ ነው እንበል። ሰብሳቢው «ጥቆማ ተከፍቷል» ሲል ከፊት ረድፍ አንድ ሰው ተነሥቶ አንድ ስም ይጠራል፤ ከወደ ኋላ «ደግፌአለሁ» የሚል ድምፅ ወዲያው ይከተላል። ሁለተኛው ስም ከግራ፣ ሦስተኛው ከመስኮቱ አጠገብ፣ አራተኛው ከበሩ ዘንድ ይመጣል፤ ጠቋሚዎቹ ተራርቀው ተቀምጠዋል፣ አንዳቸውም ሁለት ስም አይጠሩም፣ አንዳቸውም ለማሰብ አይቆሙም። አምስተኛው ስም ሲነገር ስድስተኛ ሰው እጁን ሳያወጣ «የተጠቆሙት በቂ ስለሆኑ ጥቆማው ይዘጋልን» የሚል ሐሳብ ይቀርባል፤ ይጨበጨባል። አምስት ቦታ፣ አምስት ዕጩ። ከዚህ በኋላ ድምፅ ቢሰጥም ባይሰጥም ውጤቱ አንድ ነው፤ ምርጫ የሚባለው ከሚመረጠው በላይ የሚቀርብ ሰው ሲኖር ነውና። ይህን ያየ አባል አንጋሹ ማን እንደሆነ ባያውቅ እንኳ አንጋሽ መኖሩን አውቋል ማለት ነው።

ምክር ወይስ ጫና

አንድ አዛውንት «ለገንዘብ ያዥነት እገሊትን ብታስቡ መልካም ነው፤ የቤቷን ሒሳብ እንኳ በደብተር የምትይዝ ሴት ናት» ቢሉ ይህ ምክር ነው፣ ያውም ዋጋ ያለው ምክር። ምክሩ ወደ ጫና የሚለወጥበትን ድንበር ለማወቅ ሦስት ነገር ይመረመራል። ሰውየው በቤታቸው የተናገሩትን በጉባኤው ፊት ለመድገም ፈቃደኛ ናቸው? የጠቆሙት ሰው ቢመረጥ እሳቸው ወይም ቤተሰባቸው የሚያገኙት ጥቅም አለ፣ ለምሳሌ ማኅበሩ የሚከራየው ቤት ወይም የሚገዛው ዕቃ የእነርሱ ነው? ሐሳባቸውን ያልተቀበለ አባልስ ሲያዝን የሚያጽናናው፣ ሲቸገር የሚያበድረው ያጣል? ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። እድር ሰው በሞት ቀን የሚደገፍበት ተቋም ስለሆነ፣ «ነገ ሐዘን ቢደርስብኝ» ብሎ የሚፈራ ሰው ድምፁ የራሱ አይደለም፤ እኔም የእድር ምርጫ በእጅ ማውጣት መካሄዱን የምቃወመው በዚህ ምክንያት ነው።

ከምርጫው በፊት ያሉት ሳምንታት

መጀመሪያ ደንቡ ይነበብ። ደንቡን አይቶ የማያውቅ አባል ብዙ ነው፤ አንዳንዴ ያለው አንድ ቅጂ በጸሐፊው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ይኖራል። ቅጂ ይጠይቁ፤ ከተቻለም በስልክ ፎቶ አንሥተው ለሌሎች አባላት ያጋሩ። ሲያነቡም ጉባኤ የሚጠራው ማን እንደሆነ፣ ምልዓተ ጉባኤ በስንት ሰው እንደሚሟላ፣ አንድ ሰው ስንት ጊዜ ሊመረጥ እንደሚችል፣ አስመራጭ ኮሚቴ እንዴት እንደሚቋቋም፣ በውክልና ድምፅ መስጠት ይፈቀድ እንደሆነና ውዝፍ ያለበት አባል መምረጥ ይችል እንደሆነ በተለይ ይመልከቱ። ስለነዚህ ነገሮች ደንቡ ዝም ባለበት ቦታ ሁሉ ከመጋረጃ ጀርባ ያለ ሰው መግቢያ ያገኛል።

ሕጉንም በጥቂቱ ማወቅ ይጠቅማል። የቁጠባና ብድር ማኅበራትን ጨምሮ የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚተዳደሩት በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ሲሆን፣ በዚህ ሕግ መሠረት አባሉ በማኅበሩ የገዛው ዕጣ (ድርሻ) ብዛት ምንም ያህል ቢሆን ድምፁ አንድ ነው። ብዙ ያስቀመጠ ሰው የበለጠ ይደመጥ የሚል ልማድ በማኅበሩ ካለ ልማዱ ከሕጉ ጋር ይጋጫል። በአክሲዮን ኩባንያ ግን ድምፅ የሚቆጠረው በአክሲዮን ነውና ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያም ቢሆን ሕግ አውጪው የትልልቅ ባለድርሻዎችን ተጽዕኖ ስም ሰጥቶ ለመቆጣጠር ሞክሯል፤ ለምሳሌ በ2000 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592 የባንኩን ካፒታል 2 በመቶና ከዚያ በላይ የያዘውን ተጽዕኖ ፈጣሪ ባለአክሲዮን ብሎ ለይቶት ነበር። አክሲዮን ያለው አንባቢ የራሱን ኩባንያ የመተዳደሪያ ደንብ ለብቻው ማየት ይኖርበታል።

ቀጥሎ የመራጮች ዝርዝር ነው። ከምርጫው ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ መምረጥ የሚችሉ አባላት ስም፣ ውዝፍ ያለባቸውም ከነዕዳቸው መጠን፣ ተጽፎ አባላት በሚያዩት ቦታ እንዲለጠፍ ይጠይቁ። በብዙ ማኅበር እንደሚታየው ዝርዝሩ ሳይታወቅ ቆይቶ በምርጫው ጠዋት በር ላይ «አንተ ውዝፍ አለብህ፣ ግባ፤ ግን አትመርጥም» ሲባል፣ ከመምረጥ የሚከለከሉት ሰዎች እንደ አጋጣሚ ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ይሆናሉ። አስቀድሞ የተለጠፈ ዝርዝር ለባለ ዕዳው የመክፈያ ጊዜ ይሰጠዋል፣ ለማኅበሩም ገንዘቡን ያስገባለታል።

ከዚያ በኋላ ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ አስመራጭ ኮሚቴው እንመጣለን። አስመራጭ ኮሚቴውን የያዘ ሰው ምርጫውን ይዟል። የዕጩዎችን ስም የሚጽፈው፣ «ይህ ሰው መስፈርቱን አያሟላም» የሚለው፣ ጥቆማ የሚከፍተውና የሚዘጋው፣ ድምፅ የሚቆጥረው ይህ ኮሚቴ ነው፤ አንጋሹም ራሱን ደክሞ መራጩን ሁሉ ከማግባባት ይልቅ እዚህ ላይ ሁለት ታማኝ ሰው ማስቀመጥ ይቀለዋል። አስመራጮችን በጥቆማ መሰየም ደግሞ ችግሩን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ከመግፋት አያልፍም፤ የተዘጋጀ ዝርዝር ያለው ሰው ለአስመራጭም የተዘጋጀ ዝርዝር አያጣም።

ስለዚህ አስመራጮች በዕጣ ይውጡ። ዕቁብ ጥሎ ለሚያድግ ሕዝብ ዕጣ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ያለ ቅሬታ የሚቀበለው ፍርድ ነው። የግብፅ ኮፕት ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርኳን የምትሰይመው በዚሁ መንገድ ነው፦ ጥቅምት 25 ቀን 2005 ዓ.ም. ሦስት የመጨረሻ ዕጩዎች ስማቸው ለየብቻ ተጽፎ በመስታወት ጽዋ ውስጥ ከገባ በኋላ፣ ዓይኑ የተሸፈነ ሕፃን አንዱን አወጣና አቡነ ታዋድሮስ ዳግማዊ ተሰየሙ። ድምፅ ሰጪዎች ሦስቱን መርጠዋል፤ ከሦስቱ አንዱን ግን ማንም አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም ነበር። ለእድር ኮሚቴ የሚያስፈልገው ቀለል ያለው ነው። ከምርጫው አንድ ወር ገደማ አስቀድሞ በሚደረግ ስብሰባ የአባላት ስም በእኩል መጠን በተቆረጠ ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት መንገድ ታጥፎ በሰፌድ ወይም በባልዲ ይቀመጣል፤ በጉባኤው ፊት ይደባለቃል፤ ከአባላት ልጆች አንዱ አምስት ያወጣል። ተሰናባቹ ኮሚቴና በዕጩነት ለመቅረብ የሚያስቡ ሰዎች ከዕጣው ውጪ ይሆናሉ፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ሥራውን ካልፈለገ ወይም የዕጩ የቅርብ ዘመድ ሆኖ ከተገኘ በእሱ ፈንታ ሌላ ዕጣ ይወጣል። ማንበብና መጻፍ የማይችል አባል ዕጣ ቢደርሰው አይዝለሉት፤ ሌሎቹ ይጽፋሉ፣ እሱ ይመለከታል፣ ምስክርነቱም ከማንም አያንስም።

በዕጣ የወጡት አስመራጮች ጥቆማውን ለሁለት ሳምንት ክፍት ያደርጉታል። ጥቆማ በወረቀት ይቀርባል፤ ዕጩው መስማማቱን ይፈርማል፤ የዕጩዎች ቁጥር ከቦታው ብዛት እጥፍ ሳይደርስ ዝርዝሩ አይዘጋም። እጥፍ ለማግኘት ሰው ይጠፋል የሚል መከራከሪያ ይነሣል። ሰው የሚጠፋው ብዙ ጊዜ «ያው ያለቀ ነገር ነው» ብሎ ስለሚርቅ ነው፤ በተለይ ሴቶችና ወጣቶች ቤታቸው ድረስ ተሄዶ ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ ይለያል። በከተማችን እድሮች ምግቡን የሚያበስሉት፣ ሐዘንተኛውን የሚያስተዛዝኑት እናቶች ሆነው ሳለ ኮሚቴው ወንዶች ብቻ የሚሆንበት ምክንያት ከጥቆማው በፊት ባለው ሳሎን ውስጥ ስለማይገኙ ነው ብዬ አምናለሁ።

እያንዳንዱ ዕጩ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ከማኅበሩ የወሰደው ብድር ካለ፣ ከማኅበሩ ጋር የሚያደርገው ንግድ ካለ፣ ከተሰናባቹ ኮሚቴ ጋር ዝምድና ካለው ይግለጽ። ዝምድና ወይም ብድር መኖሩ ሰውን አያስከለክለውም፤ መደበቁ ግን ያስከለክለዋል። ዝርዝሩ ተለጥፎ አንድ ሳምንት ለቅሬታ ክፍት ይሁን፤ ቅሬታም በስም ተፈርሞ በጽሑፍ ብቻ ይቅረብ።

ውክልናን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል፦ ደንቡ የሚፈቅድ ከሆነ አንድ ሰው ከአንድ አባል በላይ እንዳይወክል ይወሰን፣ የውክልና ወረቀትም ከምርጫው ቀን በፊት ለአስመራጮች ይግባ። በኪሱ አሥር ውክልና ይዞ የሚመጣ ሰው ባለበት ጉባኤ የተቀረው ጥንቃቄ ሁሉ ከንቱ ነው።

ከሰውየው ጋር መነጋገር

ይህን ሁሉ ከመጠየቅ በፊት ወይም ጎን ለጎን፣ ተሰሚ ናቸው ከሚባሉት ሰው ጋር ፊት ለፊት መነጋገር ያስፈልጋል። ብዙዎች ይህን ይሸሹታል፤ ወይ በስብሰባ መሃል ይዘልፏቸዋል፣ ወይ ከጀርባቸው ያሟቸዋል። ሁለቱም ጉዳት ነው። በጉባኤ ፊት የተዘለፈ አዛውንት ጥፋተኛ ቢሆን እንኳ ሰው ያዝንለታል፣ ጉዳዩም ከደንብ ወጥቶ የክብር ጉዳይ ይሆናል።

ከሁለት የማይበልጡ ሆነው፣ አንዱ በዕድሜ ጠና ያለ ቢሆን ይመረጣል፣ ቤታቸው ይሂዱ። ቡናው ተጠጥቶ የቤተሰብ ደኅንነት ከተጠያየቀ በኋላ ነገሩ በቀጥታ ይነገር። ለምሳሌ እንዲህ፦ «አባባ፣ ይህን እድር ከመሠረቱት አንዱ እርስዎ ነዎት፤ ሰውን የሚያውቁትን ያህል እኛ አናውቅም። ስለዚህ ለኮሚቴው ይሆናሉ የሚሏቸውን ሰዎች ለአስመራጮች በወረቀት ቢጠቁሙልን፣ ምክንያቱንም እሑድ በጉባኤው ፊት ቢነግሩን እንወዳለን። አስመራጮቹ ግን በዕጣ እንዲወጡ ልንጠይቅ ነውና ከእኛ ይስሙት ብለን ነው የመጣነው።» በዚህ ንግግር ውስጥ ክስ የለም፤ ምክራቸውን ወደ አደባባይ የሚጋብዝ ጥያቄና በግልጽ የተነገረ ሐሳብ ብቻ አለ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው መልስ «እኔ ምን አገባኝ፣ ጉባኤው የፈለገውን ይምረጥ» የሚል ነው። መልካም፤ ይህንኑ ቃላቸውን በአክብሮት ለጉባኤው ማድረስ ይቻላል፦ «አባባም ጉባኤው ይምረጥ ብለዋል» ከተባለ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ ይከብዳል። አንዳንዶቹ ደግሞ በእውነት ይደሰታሉ፤ ሰው ሁሉ በየቤታቸው እየመጣ «ምን እናድርግ» ሲላቸው የኖሩት እሳቸው ፈልገው ሳይሆን ሌላው ኃላፊነት ስለሸሸ ነበርና።

እዚህ ላይ ከሁሉ የከፋውን ስሕተት ላስጠንቅቅ። አንጋሹን ለመጣል ሌላ ሳሎን ውስጥ ተሰብስቦ ሌላ አምስት ስም መጻፍ፣ ጠቋሚና ደጋፊ አዘጋጅቶ ወደ ጉባኤ መግባት ነው። ይህ ያሸንፍ ይሆናል፤ ያሸነፈው ግን አባሉ አይደለም፣ ሳሎን ተቀየረ እንጂ። ደንቡን ለማስተካከል አብሮ መቆም ተገቢ ነው፤ የሰው ዝርዝር ይዞ መቆም ግን የተቃወሙትን ነገር ራሱን መሥራት ነው።

«ለአንተ አስበንልህ ነበር» ሲባሉ

አንባቢው ራሱ ከመጋረጃ ጀርባ የታጨ ሰው ሊሆን ይችላል። ሥራ ወዳድና ቀጥተኛ ሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ይጠራል፤ «ሁሉን አዘጋጅተናል፣ አንተ እሺ ብቻ በል» ይባላል። በክብር መጠራት ደስ ያሰኛል፣ እምቢ ማለትም ያሳፍራል። ነገር ግን በዚህ መንገድ የተመረጠ ሰብሳቢ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ባለዕዳ ነው፤ ያመጡት ሰዎች ብድር እንዲፈቀድላቸው ወይም ሒሳብ እንዳይመረመር ሲጠይቁት ሊመልስ የሚችለው ቃል ያንሰዋል።

ሥራውን የሚፈልጉት ከሆነ መልሱ ቀላል ነው፦ «ስላሰባችሁልኝ አመሰግናለሁ። ለአስመራጮች በወረቀት ጠቁሙኝ፣ እኔም እፈርማለሁ፤ ከሌሎች ዕጩዎች ጋር እወዳደራለሁ። ብመረጥ የምታዘዘው ለጉባኤው ነው።» ይህን ሰምተው ሐሳባቸውን የሚቀይሩ ከሆነ ምን ፈልገው እንደነበር ታውቋል።

የምርጫው ዕለት

የዕለቱ ሥራ ከላይ ያለው ከተሟላ ብዙ አያስቸግርም። ድምፅ በምስጢር በወረቀት ይሰጥ፤ የድምፅ መስጫው ወረቀት ማኅተም ያረፈበት ይሁን፤ ኮሮጆው ወይም ካርቶኑ ባዶ መሆኑ ለሁሉ ይታይ። የፈረሙት ሰዎች ቁጥርና የተሰጠው ወረቀት ቁጥር እኩል መሆኑ ከቆጠራው በፊት ይነገር። ለማያነቡ አባላት ከስም ጎን የዕጩው ፎቶግራፍ ወይም ምልክት ይኑር፤ ረዳት የሚያስፈልገው ሰው ረዳቱን ራሱ ይምረጥ እንጂ አስመራጭ አይመደብለት። ቆጠራው እዚያው፣ ማንም ሳይበተን፣ እያንዳንዱ ወረቀት ከፍ ተደርጎ እየታየና በሰሌዳ ላይ እየተጨረ ይካሄድ። ውጤቱ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ አስመራጮች ሳይፈርሙ ማንም አዳራሹን ለቆ አይሂድ፤ ወረቀቶቹም ታሽገው ቢያንስ ለአንድ ወር ይቀመጡ።

ሐሳቡን ለማሰማት የፈለገ ሽማግሌ ወይም ተሰሚ ሰው ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት እንደማንኛውም አባል ተነሥቶ ይናገር። ጊዜውም ለሁሉ እኩል ይሁን።

ከምርጫው በኋላ

አዲሱ ኮሚቴ በተመረጠ ሳምንት ውስጥ ርክክብ ይደረግ፤ የድንኳንና የዕቃ ቁልፍ፣ መዝገቡ፣ ማኅተሙ፣ የባንክ ደብተሩ በዝርዝር ተጽፎ ይረከብ፤ በባንክ ያለው የፊርማ ሥልጣንም ይቀየር። ቁልፍና ማኅተም በቀድሞው ሰው ቤት «ለጊዜው» ከቀሩ አዲሱ ኮሚቴ ለእያንዳንዱ ሥራ ወደዚያ ቤት መመላለሱ አይቀርም። የቁጥጥር ኮሚቴው በሌላ ቀን፣ በሌላ የድምፅ መስጫ ወረቀት ቢመረጥ የተሻለ ነው፤ ተቆጣጣሪውና ቁጥጥር የሚደረግበት ኮሚቴ ከአንድ ዝርዝር እንዳይወጡ ያግዛል።

አዲሱ ኮሚቴ ሥራ እንደጀመረ ደግሞ በደንቡ ውስጥ የታየውን ክፍተት እንዲዘጋ ይጠየቅ፤ ክፍተቱ ለራሱ የጠቀመው ቢሆን እንኳ። እ.ኤ.አ. በ1903 በሮም ካርዲናሎች አዲስ የካቶሊክ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ለመምረጥ በተሰበሰቡ ጊዜ የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት በአንድ ካርዲናል አፍ ለብዙዎች ምርጫ የነበሩትን ካርዲናል ራምፖላን እንደማይቀበል አስነገረ፤ በመጨረሻም ፒዮስ 10ኛ ተመረጡ። እሳቸው በ1904 ያወጡት ሕግ ግን ማንኛውም መንግሥት እንዲህ ያለ ክልከላ በምርጫው ላይ እንዳያሰማ፣ የሚያደርሰውም ካርዲናል ከቤተ ክርስቲያን እንዲወገዝ የሚያዝ ነበር። በእድርና በማኅበርም «እገሌ በወረዳ አይፈለግም» ወይም «እገሌ ቢመረጥ ድጋፍ ይቀራል» የሚል ሹክሹክታ ከውጭ ሲመጣ፣ መልእክቱ በጽሑፍና በስም ካልቀረበ በቀር በምርጫው ላይ እንዳይነሣ በደንቡ ላይ መጻፍ ይቻላል።

ቅሬታ ካለ ደረጃውን ጠብቆ ይሂድ። በመጀመሪያ ለአስመራጭ ኮሚቴው በጽሑፍ፣ ከዚያ ለጉባኤው ወይም ጉባኤው ለሰየማቸው ሽማግሌዎች ይቅረብ። የኅብረት ሥራ ማኅበር ከሆነ አዋጁ በዕርቅና በግልግል የሚታይበትን መንገድ ስላበጀ ያንን ተከትሎ በየደረጃው ወዳለው የኅብረት ሥራ ተቆጣጣሪ አካል ማመልከት ይቻላል። አቤቱታው ላይ የሰው ባሕርይ አይጻፍ፤ የተጣሰው የደንብ አንቀጽ፣ የተጣሰበት ቀን፣ የነበሩት ምስክሮችና የተጠየቀው መፍትሔ ብቻ ይጻፍ፤ የቃለ ጉባኤውና የተለጠፈው ዝርዝር ፎቶ ግልባጭም ይያያዝ።